ሸራውን ማን አረጠበው?

(ስለ አሮጌ ቮልስዋገን የኋላ አክስልና ፍሬን ጥገና በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ወዳጄ ቆሞ አነበበና፣ «እኛ ስለ አገር ዕድገት የምትናገር መስሎን ነበር፤ አንተ የጋራዥ ወሬ ይዘህ ትመጣለህ?» አለኝ። ወዳጄ አሁንም ከኋላ ተቀምጦ ስለማየው መልሱን በሁላችሁም ፊት ልስጠው። የጋራዡን ወሬ በትዕግሥት ካዳመጥኸኝ ስለ አገር ዕድገት የምለውንም ከዚያው ውስጥ ታገኘዋለህ። ካላገኘኸው ደግሞ፣ ቢያንስ ቢያንስ ቮልስ በገዛህ ጊዜ ይጠቅምሃል።

ቮልስን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያሻኝም። ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሲመላለስ የኖረ፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ቀለሙን አድሶ ብቅ የሚል መኪና ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ከፊት ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ውሃ አይጠይቅም። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1938 ፋብሪካው ተጀምሮ፣ የመጨረሻው በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስለ ሞተሩ ብዙ ሰው ብዙ ያውቃል። ባለቤቶቹም ሲገናኙ የሚጫወቱት ስለ ሞተሩ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለማይወራለት ክፍል ነው፤ ይኸውም ስለ ኋላው አክስልና ስለ ፍሬኑ ነው። መኪና ለመሄድ ሞተር ይበቃዋል፤ በሰው መካከል ለመሄድ ግን ፍሬን ያስፈልገዋል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ከታሪካችን አንድ ዓመት ላስታውሳችሁ። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያደረሳትና አጼ ምኒልክም የተሳፈሩባት በ1900 ዓ.ም. ነው። አጼ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን፣ በጠቅላላው ባለ እጁን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የገሠጹበት አዋጅም የወጣው በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ትምህርት ይሰጠኛል። መኪናዋ ስትመጣ የሚጠግናት ሰውም መከበር ነበረበት። መኪናዋን ወዲያው ተቀበልናት። ጠጋኙን ማክበር ግን እስከ ዛሬም አልጨረስንም። እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ስንሆን እንኳ እጃችን ግራሶ ሲነካ እናፍራለን።

እኔ ይህን እፍረት የለቀቅሁት ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ፤ ጣልያኖች አገራችንን ወርረው በቆዩባቸው ዓመታት ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት የሚሠራው መሥሪያ ቤታቸው «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ከመባል የተነሣ ስሙ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። የጋራዡም ቋንቋ ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ ስንል የምንናገረው በጣልያንኛ ቃላት ነው። ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱ ግን በእጃቸው በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አፍ ላይ ቀርተው አማርኛ ሆኑ። ታምቡር ውስጥ ያለውን የፍሬን መያዣ ደግሞ «ሸራ» ብለን በራሳችን ቃል ጠራነው። እንግዲህ የንግግሬ አርእስት የሆነው ሸራ ይህ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የአጎቴን አሮጌ ቮልስ እየነዳሁ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን የኋላውን የቀኝ ጎማ ሳየው በውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ወርዶበታል። ታምቡሩን አስወልቄ ብመለከት ሸራው በዘይት ርሷል። አዲስ ሸራ ለማስለጠፍ ገንዘብ አልነበረኝም። ስለዚህ የረሰውን ሸራ በቤንዚን አጠብሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ደርቆ እንደ አዲስ አማረ። መልሼ ገጠምሁትና በብልኃቴ እየተደሰትሁ ነዳሁ።

በሦስተኛው ቀን ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በሂልተን ሆቴልና በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ እወርድ ነበር። ሦስት ጓደኞቼ አብረውኝ ተሳፍረዋል። ቁልቁለቱን እየተጫወትን ስንወርድ አንዲት እናት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው መንገዱን መሻገር ጀመሩ። ፍሬኑን ረገጥሁ። መኪናው መቆሙን ትቶ ወደ ግራ ተሳበ። የቀኙ የኋላ ጎማ አልያዘም፤ የግራው ብቻ ይዟል። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። የእጅ ፍሬን ግን የሚይዘው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ስለሆነ አልረዳኝም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ መሪውን ይዤ፣ ከሴትዮዋ ፊት ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረን ቆምን። እሳቸው ልጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው አዩኝ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናውን ቀስ እያልሁ ካዛንቺስ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። የጋራዡ ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ታምቡሩን አውልቀው ሸራውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱና ጠየቁኝ።

«ሸራውን ማን አረጠበው?»

«ዘይት ነዋ ጋሼ።»

«ዘይቱን ማን አመጣው?»

«ኦይል ሲሉ አልቆ ይሆናል።»

«ኦይል ሲሉን ማን በላው?»

ዝም አልሁ። እሳቸው ኦይል ሲሉ የሚታሸበትን የብረት ቀለበት ከአክስሉ ላይ አውጥተው ጠረጉትና፣ «በጥፍርህ ዳብሰው» አሉኝ። ስዳብሰው ጥፍሬ ቦይ ውስጥ ገባ። ብረቱ ዙሪያውን ተቦርቡሯል። «ይኸውልህ» አሉ፤ «አዲስ ሸራ ብገጥምልህ በወሩ ይረጥባል። አዲስ ኦይል ሲል ብገጥምልህ ይህ ቦይ በሁለት ወር ይበላዋል። አንተ የተበላሸውን ለማጠብ ቸኮልህ እንጂ ያበላሸውን አልፈለግህም።»

ጓደኞቼ፣ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚያ ሰውዬ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው። የተበላሸውን ከመለወጥ በፊት ያበላሸውን መፈለግ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ዘይት ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው? በቮልስ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከዚያ ቤት ግራና ቀኝ ሁለት ቱቦዎች ወጥተው ወደ ጎማዎቹ ይደርሳሉ። በየቱቦው ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው አክስል አለ። የካምቢዮው ዘይት በቱቦው ውስጥ እየሄደ እስከ ጎማው ኩሽኔታ ይደርስና ያለሰልሰዋል። ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ነገር ግን ዘይቱ ከኩሽኔታው አልፎ ወደ ታምቡሩ እንዳይገባ የሚከለክለው ያ ኦይል ሲል የሚባለው የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። የቮልስ መሐንዲሶች ይህ ቀለበት አንድ ቀን እንደሚደክም ያውቁ ነበርና፣ ከጀርባው ዘይቱን ተቀብሎ በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚያፈስ ክዳን አደረጉለት። እንግዲህ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ዘይት ስታዩ መኪናው እየነገራችሁ ነው። ቀዳዳው በጭቃ ከተደፈነ ግን ዘይቱ መውጫ አጥቶ ወደ ሸራው ይሄዳል። ጋሼ የእኔን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ሲወጉት ከውስጡ የወጣው ጭቃ የስንት ክረምት እንደ ሆነ እንጃ።

የዘይት መውጣት ሌላም ምክንያት አለው። የካምቢዮ ዘይት ልክ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ነው። «ሲበዛ ይሻላል» ብሎ አጋድሞ የሚጨምር ሰው ትርፉን ወደ ጎማዎቹ ይልከዋል። ደግሞም ታምቡር ውስጥ ያገኛችሁት እርጥበት ሁሉ የካምቢዮ ዘይት አይደለም። የፍሬን ዘይትም ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚመጣው በጎማው ላይ ካለችው ትንሽ የፍሬን ፓምፕ ነው። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ከእርጥበቱ ጥቂት ወስዳችሁ ውሃ ውስጥ ጣሉት። የፍሬን ዘይት ከሆነ ከውሃው ጋር ይዋሓዳል፤ የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ተለይቶ ይንሳፈፋል። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ዕቃ መግዛት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መዋጥ ነው።

የፍሬን ዘይት መፍሰስ በአሮጌ ቮልስ ላይ ከሁሉ የከፋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቮልሶች ፍሬናቸው በሽቦ ገመድ ይሳብ ነበር። ወደ ውጭ አገር ለሚላኩት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ተደረገላቸው። ነገር ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአራቱም ጎማ ዘይት የሚሄደው በአንድ መሥመር ብቻ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጎማ ላይ ያለች አንዲት ያረጀች ጎሚኒ ዘይቱን ስታፈስስ ኃይሉ ከአራቱም ጎማዎች ይጠፋል። የአንዱ ጉድለት የሁሉ ጉድለት ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ የከተማችን አቀማመጥ አለ። ፊዚክስ ለሚወዱት ጥቂት ሒሳብ ላቅርብ። ሰዎቹን ጨምሮ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት 96,000 ጁል ያህል ነው። ለማቆም ስንፈልግ ይህ ሁሉ በታምቡሮቹ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ያው መኪና 100 ሜትር ከፍታ ያለው ቁልቁለት ቢወርድ ደግሞ 980,000 ጁል ያህል ይለቀቃል፤ ይህም ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ጊዜ እንደ ማቆም ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ መስቀል አደባባይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ እስከ ታች በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ታምቡሩን ምን ያህል እንደሚያግለው እናንተው አስሉት። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው ግን ከጉልበቱ ብዙውን ለሞተሩ ያሸክመዋል።

ሙቀቱ ከሸራው አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱም ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ጥቂት ውሃ ከገባበት በኋላ መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል። ንጹሕ ውሃማ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እንደ ትራስ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ የፍሬን ዘይት ባይጎድልም በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ጋሼ እያዩኝ በገዛ እጄ ያሠሩኝን በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የፊት ጎማዎቹ ይታገዱ። የአክስሉ ዳዶ የሚላላው ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ ነው። በዳዶው ውስጥ ኮፒሊያ የሚሉት፣ እንዳይፈታ የሚከለክል ለሁለት የታጠፈ ሽቦ አለ፤ እሱ አስቀድሞ ይወጣል። ዳዶው በ36 ቁጥር ቁልፍና በረጅም ቧንቧ ይፈታል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ይህን ዳዶ መታገል መኪናውን በራስ ላይ መጣል ነው። ከላላ በኋላ መኪናው ይነሣል፤ ከሥሩም ጠንካራ የብረት ወይም የወፍራም እንጨት ድጋፍ ይደረጋል። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ድንጋይ ደግሞ ሳይታሰብ ተሰንጥቆ ይከዳል።

ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ሸራዎቹም በማስተካከያው በኩል ወደ ውስጥ ይመለሱ። ያን ጊዜ ታምቡሩ ይወጣል። እምቢ ካለ በመሳቢያ ይሳባል እንጂ በመዶሻ ጠርዙ አይመታም። ታምቡሩ ሲወጣ የመሐሉን ጥርሶች ተመልከቱ። ጥርሱ የተበላ ታምቡር መኪናው ሲነሣና ሲቆም «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ አንድ ቀንም አክስሉ ሲዞር ጎማው ዝም ብሎ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ በታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በአፋችሁም ሆነ በኮምፕሬሰር እንዳትነፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አስቤስቶስ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት። ይህን ለጋሼ የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን። እሳቸውም ሰምተው ከዚያ ቀን ጀምሮ መንፋት ተዉ። ስለዚህ ትምህርቱ በአንድ ወገን ብቻ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ።

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ ፍቱ። ምንጮቹ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገቡ የረሳ ሰው ያልተፈታውን ወገን አይቶ ያስታውሳል። ሸራዎቹ ግን በግራም በቀኝም አብረው ይለወጣሉ፤ አንዱን ወገን ብቻ ማደስ መኪናው ወደ አንድ ወገን እንዲሳብ መጋበዝ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራም አይታጠብም። ቤንዚን የላዩን ዘይት ብቻ ያነሣል፤ ሸራው ሲግል ውስጥ የቀረው እንደ ላብ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አምስተኛ፣ ኦይል ሲሉን ለመለወጥ የኩሽኔታው ክዳን ይፈታል። በዚያን ጊዜ የምትሠሩበትን ወገን ከሌላው ከፍ አድርጉት፤ የካምቢዮው ዘይት ወደ ወዲያኛው ወገን ይሸሻል። አሮጌው ሲወጣ ቀለበቱን በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ ቦይ ካለበት ይለወጥ። የአዲሱ ኦይል ሲል ከንፈር ወደ ዘይቱ ወገን ይዙር፤ ሳይገባም ጥቂት ዘይት ይቀባ። በክዳኑና በኩሽኔታው ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶችም አብረው ይለወጡ። የሚያፈስሰው ቀዳዳ ይጠረግ።

ስድስተኛ፣ የፍሬን ፓምፑ ጎሚኒዎች በቤንዚን አይታጠቡም፤ ያብጣሉ። የሚታጠቡት በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ነው። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት ማድረግም የመሥመሩን ጎማ ሁሉ ያበላሻል።

ሰባተኛ፣ ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አየሩ ይውጣ። አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ማውጫውን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ሳይመለስ ይዘጋል። መሪው በግራ በሆነ መኪና የሚጀመረው ከሩቁ ጎማ፣ ከኋላ ቀኝ ነው፤ ቀጥሎ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። ማጠራቀሚያው በመካከሉ እንዳይጎድል ይጠበቃል። ከዚያ ሸራዎቹ ጎማው እስኪያዝ ድረስ ወደ ውጭ ይስተካከሉና ጎማው በነጻ እስኪዞር ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ይመለሳሉ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚስተካከለው ከሁሉ በኋላ ነው።

ስምንተኛ፣ የአክስሉ ዳዶ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ዳዶው በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ኃይል መጥበቅ አለበት። ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር ርቆ፣ አግድም በተያዘ ቧንቧ ላይ ቢቆም፣ 60 በግማሽ ሲባዛ 30 ይሆናል። ጋሼ ቁጥሩን አያውቁትም ነበር፤ ግን ቧንቧው ላይ ምልክት አድርገው የሚያቆሙት ሁልጊዜ አንድ ረዳት ነበር። ስመዝነው 62 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት። የኮፒሊያው ቀዳዳ ልክ ካልመጣ እስከሚቀጥለው ይጠበቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም። የላላ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ ይበላል። ኮፒሊያም በምስማር አይተካም።

አሁን ስለ አክስሉ ጠባይ አንድ ነገር ልጨምር። በአብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች የኋላ አክስሎች የሚታጠፉት በካምቢዮው በኩል ብቻ ነው፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል እንደ ወፍ ክንፍ ይወዛወዛል። ከመኪናው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈውም በኋላ ነው። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ በድንገት ፍሬን የሚረግጥ ሰው የኋላውን ወገን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጎማዎቹም ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ መኪናውም ሊገለበጥ ይችላል። ራልፍ ኔደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ አሜሪካኖችን ያስደነገጠው ኮርቬየር የተባለው መኪናም እንዲህ ያለ አክስል ነበረው። ስለዚህ በቮልስ የሚረገጠው ኩርባው ሳይጀመር ነው። ጥሩ ፍሬን መጥፎ ነጂን አያድንም።

ጓደኞቼ፣ ወደ መጨረሻው ልምጣ።

ያ ጋራዥ ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ አሮጌው ካዛንቺስ በብዛት ሲፈርስ ነዋሪውም ሠራተኛውም ወደየአቅጣጫው ሄደ። እኔ ዛሬ የመጣሁት መንገድ መስፋቱን ለመንቀፍ ወይም ለማመስገን አይደለም። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ቤት ሲፈርስ ካሳው በካሬ ሜትር ይቆጠራል። በጥፍሩ ዳብሶ ምክንያቱን የሚያገኝ ሰው ዕውቀት ግን በምንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። እሱ የሚኖረው በአንድ ሽማግሌ እጅና እሳቸው በሚያሠለጥኑት ልጅ ዓይን መካከል ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ይቋረጣል።

«መኪናው ራሱ እያለቀ ነው፤ ዕውቀቱ ለምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ዘመኑ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ የምታዩትን አይዲ 4 የተባለውን የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። የኋላ ጎማዎቹ ፍሬን ታምቡር ነው። ሞተሩም ከኋላ አለ። እንደዚያ የሆነበት ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በብዛት የሚቀንሰው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬኑ ሸራ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ይውላል፤ ሥራ የፈታን ፍሬን ከዝገትና ከጭቃ የሚጠብቀው ደግሞ የተዘጋ ታምቡር ነው። እንግዲህ ጋሼ የከፈቱት ታምቡር ከእኛ ዘመን አልፎ ሊሄድ ነው። ጥያቄያቸውም አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው ክረምት ከመካከላችን ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ከካዛንቺስና ከቂርቆስ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ የሄዱትን የጋራዥ ሠራተኞች ይፈልጉ። ደብተርና እርሳስ ይያዙ። ለማስተማር ሳይሆን ለመማር ይሂዱ። ምን እንዴት እንደሚፈታ፣ በምን እንደሚለይ፣ ለምን እንደሚበላሽ በሠራተኞቹ በራሳቸው ቃል ይጻፉ፤ ካቻቢቴውን ካቻቢቴ፣ ሸራውን ሸራ እያሉ። የተጻፈውንም በዚሁ በማኅበራችን ጋዜጣ በየጊዜው እናትመው። የሠራተኞቹ ስም፣ ከፈቀዱ፣ ከጽሑፉ በላይ ይቀመጥ። የ1900ውን አዋጅ በእኛ በኩል መፈጸም ማለት ይኸው ይመስለኛል።

ወዳጄ ስለ አገር ዕድገት ጠይቆኝ ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ የረሰውን ሸራ አጥበን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ደርቆ ሲያምርም ጠገንነው እንላለን። ቁልቁለቱ ግን ይጠብቀናል። በቁልቁለቱም ላይ የሚሻገር ሰው አለ። ከጋሼ የተማርሁት ከእያንዳንዱ ብልሽት ፊት ቆሞ «ይህንስ ማን አመጣው?» እያሉ መልሱ እስኪያልቅ መጠየቅን ነው።

የአጎቴ ቮልስ አሁንም ይሄዳል። ከውጭ በሩ ላይ ቆሟል። ከስብሰባው በኋላ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ የቀኙን የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል በእጁ ይዳብስ። ደረቅ ነው።